ፊቱ የተላጠ የድሮ የአውሮፓ ሳንቲም የየት አገር እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ሳንቲም ሲያረጅ ቀድሞ የሚጠፋው ሁላችንም ለማየት የምንጓጓለት ነገር ነው፤ የንጉሡ ፊት፣ ፀጉሩ፣ ጌጡ። ከፍ ብሎ የተቀረጸው ሁሉ መጀመሪያ ይላጣል። ስፋቱ፣ የተሠራበት ብረትና ጠርዙ ግን ብዙ ይቆያሉ። ስለዚህ ፍለጋው ከፊቱ አይጀምርም። ከሚለካው ይጀምራል፤ ፊቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ «ምንም አይታይበትም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ሳንቲም እንኳ አገሩን፣ አንዳንዴም ዓመቱን ያወጣል።

መመሪያው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በማሽን ለተመቱ ሳንቲሞች ነው። ከዚያ በፊት በመዶሻ የተመቱት ቀጫጭን ናቸው፤ ክባቸውም ወጣ ገባ ይላል። ጠርዛቸው በመቀስ የተቆረጠም ብዙ ነው። እነሱ ላይ ልኬት ብዙም አይረዳም፤ ባለሙያ ቢያያቸው ይሻላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ አትፈትጉት

ሎሚና ጨው፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የድስት ሽቦ፣ ሁሉም ክልክል ነው። አሲዱና ፍትጊያው የሚበሉት ያችኑ የቀረችውን ስስ ቅርጽ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በፊደሎቹ ዙሪያ የተጠራቀመው ጥቁር እድፍ ለዓይን ይጠቅማል፤ ፊደሉን ከጀርባው ለይቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ሳንቲሙን ወለል አድርጋችሁ ካበራችሁት የመጨረሻውን ማስረጃ አጠባችሁት ማለት ነው። ሰብሳቢም ቢሆን የተፈተገ ሳንቲም ሲያይ ዋጋውን ወዲያው ይቀንሳል።

አፈር ከያዘው ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ይዋል፣ ይደር። ውሃውን ቀይሩለት። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትሹት። ሙጫ ካለበት ንጹሕ አሴቶን ያነሣዋል፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። ነሐሱ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ከሌሎቹ ሳንቲሞች ለዩት። ስትይዙት ሁልጊዜ ጠርዙን ይሁን።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው፦ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ)፣ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽር፣ ክር፣ ትንሽ የውሃ ኩባያና ስልካችሁ።

1. ስፋቱንና ክብደቱን ለኩ

ስፋቱን በሁለት አቅጣጫ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከዚያ መዝኑት። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ሳንቲም በመላጥ ይቀላል እንጂ አይከብድም። የጠረጠራችሁት ሳንቲም 10 ግራም መሆን ሲገባው የእናንተው 9.6 ቢሆን ያስኬዳል። 10.6 ከሆነ ግን ወይ ሌላ ሳንቲም ነው፣ ወይ ደግሞ ላዩ ላይ የተበየደ ነገር አለ። እኛ አገር ሁለተኛው ብዙ ያጋጥማል። ጠገራ ብር የአንገት ጌጥ ሲደረግ ጆሮ ይበየድለት ነበር፤ ጆሮው ቢነቀልም ብየዳው ጠርዙ ላይ ይቀራል።

ልኬት እንዲህ የሚጠቅመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የአውሮፓ አገሮች መጠናቸውን ስላስተካከሉ ነው። ፈረንሳይ፣ ቤልጅየም፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ በ1865 የላቲን የገንዘብ ኅብረት የሚባለውን ስምምነት ፈረሙ። ግሪክ በ1868 ተቀላቀለች። የኅብረቱ ትልቁ የብር ሳንቲም፣ ባለ 5 ፍራንኩ ወይም ባለ 5 ሊሬው፣ 37 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት አለው። ባለ 2ቱ 27 ሚሊ ሜትርና 10 ግራም፣ ባለ 1ዱ 23 ሚሊ ሜትርና 5 ግራም ነው። ሊሬ ይሁን ፍራንክ ወይም የግሪክ ድራክማ ልኩ ያው ነው። በዚህ ልኬት ብቻ የአገሮቹ ዝርዝር በጣም ያጥራል።

እንግሊዝ የራሷን መንገድ ነው የሄደችው። ሽልንጓ 23.6 ሚሊ ሜትርና 5.66 ግራም፣ ትልቁ ክራውን 38.6 ሚሊ ሜትርና 28.28 ግራም ነው። የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት 1 ማርክ 24 ሚሊ ሜትርና 5.55 ግራም ነበር። የፈረንሳይ ፍራንክ፣ የእንግሊዝ ሽልንግና የጀርመን ማርክ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ካሊፐርና ሚዛን ግን ይለያቸዋል።

2. ብረቱን እወቁ

ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ብር፣ መዳብ፣ ነሐስና ዚንክ አይሳቡም። ንጹሕ ኒኬል ይሳባል፤ ከ1881 ጀምሮ የተመታው የስዊዘርላንድ ባለ 20 ራፐን እና በ1920ዎቹ የወጣው የጣሊያን 1 ሊሬ ከዚህ ወገን ናቸው። ዝገት የበላው፣ ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ትንሽ ሳንቲም ከሆነ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ብረት ፌኒግ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይነካው፣ ግራጫና ቀላል ሳንቲም ደግሞ ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው። ዚንክ የጦርነት ዘመን ምልክት ነው፤ ጀርመን፣ ቤልጅየም፣ ሆላንድና ዴንማርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መተውታል።

ከዚህ በኋላ ከሁሉም የምወደው ፈተና ይመጣል። ውሃ የያዘውን ትንሽ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ ክሩን ከላይ ያዙ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት (ቮልዩም) ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ ደረቁ 24.2 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 2.35 ከሆነ መልሱ 10.3 ገደማ ነው። ይህ ከመቶ 90 እጁ ብር የሆነ ሳንቲም ነው። ንጹሕ ብር 10.5፣ መዳብ፣ ኒኬልና ነሐስ ወደ 8.9፣ ብረት 7.9፣ ዚንክ 7.1 ይሰጣሉ። ፈተናውን የምወድበት ምክንያት አለኝ፦ ሳንቲሙ ግማሽ ፊቱ ቢላጥም ይህ ቁጥር አይለወጥም።

3. ጠርዙን አንብቡ

ጠርዙን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ግን ፊት ላይ ምንም ሳይቀር ጠርዝ ላይ ሙሉ ቃል የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከጎን መብራት አብሩበትና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጠርዙ ልሙጥ ነው? ጥርስ ጥርስ አለው? ወይስ ፊደል?

ፊደል ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። የፈረንሳይ ባለ 5 ፍራንክ «እግዚአብሔር ፈረንሳይን ይጠብቃል» የሚል ትርጉም ያለው «ዲዩ ፕሮቴዥ ላ ፍራንስ» ይላል። የጀርመኑ 5 ማርክ «ጎት ሚት ኡንስ»፣ የሆላንዱ ባለ 2 ተኩል ጉልደን «ጎድ ዛይ መት ኦንስ» ነው፤ ሁለቱም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ዓይነት ሐሳብ አላቸው። የጣሊያን ባለ 5 ሊሬ ብር «ፌርት» የሚለውን ቃል ይደጋግማል፤ የጣሊያን ነገሥታት የነበረው የሳቮያ ሥርወ መንግሥት መፈክር ነው። የድሮ የእንግሊዝ ክራውን «ዴኩስ ኤት ቱታመን» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለው። ሙሉ ቃል አትጠብቁ፤ ሦስት አራት ፊደል ይበቃል።

እግረ መንገዳችሁን የሁለቱን ፊቶች አቀማመጥ ፈትኑ። ዘውዱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ሳንቲሙን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጡት። ጎፈሩ ተዘቅዝቆ ከመጣ የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ልማድ ነው። ቀጥ ብሎ ከመጣ የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትና የ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ልማድ ነው። ይህ ብቻውን አይፈርድም፤ ለሁለት አገር ስትጠራጠሩ ግን ሚዛኑን ወደ አንዱ ያደፋዋል።

4. መብራቱን ከጎን አምጡት

አሁን ወደ ፊቱ እንሂድ። ከላይ የሚመጣ ብርሃን የተላጠን ሳንቲም ጨርሶ ባዶ ያስመስለዋል። ክፍሉን አጨልሙ፤ የስልክ መብራት ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ። የማታ ፀሐይ በቀን የማይታየውን የእርሻ ትልም አጉልታ እንደምታወጣው ሁሉ፣ ዝቅ ያለ ብርሃንም እጅግ ስሱን ከፍታ በጥላው ያሳያል። መብራቱ አንድ ቦታ ይሁን፤ ሳንቲሙን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ በየጊዜው ፎቶ አንሡ። አንዱ ፎቶ ላይ አፍንጫ፣ ሌላው ላይ ፊደል ይወጣል።

ፎቶዎቹን ስልካችሁ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጉ፤ ንፅፅሩን (ኮንትራስት) ከፍ አድርጉ። ቀለሙን መገልበጥም ሞክሩ። አንዳንዴ ዓይን በጥቁሩ ያላየውን በነጩ ያያል። ያም ካልሆነ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በለስላሳ እርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉ። እርሳሱን አትጫኑ።

የት እንደምትፈልጉ ማወቁም ይረዳል። ጉንጭ፣ ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና ደረት ቀድመው ይሄዳሉ። የሚቆዩት የምስሉ ዳር መስመር፣ ከዳሩ ቀለበት ሥር የተጠለሉ ፊደሎችና ከአንገት በታች ያሉ ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። ዓይናችሁን ከመሀል አንሥታችሁ ዳር ዳሩን አስኪዱ።

5. ቁርጥራጭ ፊደል ሰብስቡ

ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ያላያችሁትን በነጥብ ተኩት። አእምሮ የጎደለውን በፍላጎቱ ስለሚሞላ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው። ለምሳሌ በላቲን ጽሑፍ «ዩ» የሚባለው ፊደል ብዙ ጊዜ «ቪ» ሆኖ ይቀረጻል፤ ስለዚህ «ጆርጂቭስ» የሚመስል ነገር ካያችሁ ጆርጅ ነው። «ሬክስ» ንጉሥ፣ «ኢምፕ» ንጉሠ ነገሥት ነው። «ሄልቬቲያ» ስዊዘርላንድ፣ «ዶይቸስ ራይሽ» ጀርመን ናት። የቤልጅየም ሳንቲም አንዳንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዳንዱ በደች ተጽፏል።

በእንግሊዝ ሳንቲም ፊደሉ ቢጠፋም የፊቱ አቅጣጫ ይረዳል። ቪክቶሪያ ወደ ግራ ታያለች፣ ኤድዋርድ 7ኛ ወደ ቀኝ፣ ጆርጅ 5ኛና ጆርጅ 6ኛ ወደ ግራ፣ ኤልሳቤጥ 2ኛ ወደ ቀኝ። «ኢንድ ኢምፕ»፣ ማለትም የህንድ ንጉሠ ነገሥት፣ የሚለው ካለበት ከ1949 በፊት የተመታ ነው።

የተመታበትን ከተማ የሚናገሩ ነጠላ ፊደሎችም አሉ። በጀርመን «ኤ» በርሊን፣ «ዲ» ሙኒክ፣ «ኤፍ» ሽቱትጋርት፣ «ጄ» ሃምቡርግ ነው። በፈረንሳይ «ኤ» ፓሪስ፣ «ኬ» ቦርዶ፣ ድርብ «ቢ» ስትራስቡርግ ነው። በጣሊያን «አር» ሮም ነው። ያው «ኤ» በአንዱ አገር በርሊን፣ በሌላው ፓሪስ ስለሆነ መጀመሪያ አገሩ ይታወቅ።

እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ምልክት ልጨምር። በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ የጣሊያን ሳንቲሞች ላይ «ሬ ኤ ኢምፕ»፣ ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት፣ የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ሳንቲሙ ከ1936 በፊት ሊሆን አይችልም። ንጉሠ ነገሥትነቱ በወረራ በኢትዮጵያ ላይ የታወጀው ነው። ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ደግሞ የፋሺስት ዘመን ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ይኖራል። ዓመቱ ተላጥቶ ይህ ቁጥር ብቻ ከቀረ በ1922 ላይ ደምሩት። ቁጥሩ 18 ከሆነ 1940 ወይም የ1939 መጨረሻ ነው።

አንድ ሳንቲም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ትልቅ ሳንቲም ነው እንበል። ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 9.4 ግራም። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙ ልሙጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የእንግሊዝ ፔኒ» ብሎ ይዘጋዋል። የ1860 እና ከዚያ ወዲህ ያለው የነሐስ ፔኒ በእርግጥ 9.4 ግራም ነው፤ ግን ይህ የአዲሱ ክብደት ነው። እንዲህ የተላጠ ፔኒ ከዚያ ማነስ ነበረበት። ስፋቱም 30.8 መሆን ነበረበት። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ልዩነት ናት፤ ካሊፐር ግን በደንብ ያያታል።

30 ሚሊ ሜትርና 10 ግራም የፈረንሳይ 10 ሳንቲም ልክ ነው። የጣሊያን 10 ቼንቴዚሚ፣ የስፔን 10 ሴንቲሞ፣ የግሪክ 10 ሌፕታም እንዲሁ። ገልብጡት፤ ጎፈሩ ተዘቅዝቆ መጣ። አሁን ከጎን አብሩ። ጀርባው ላይ ክንፍ የዘረጋ ጥላ ከታየ ንስር ነው፤ የናፖሊዮን 3ኛ ፈረንሳይ። በቅጠል ጉንጉን መሀል ቁጥር፣ ከላይ ኮከብ ካለ ጣሊያን ናት። ንስር ነው እንበል። ፊቱን አዙሩ፤ ወደ ግራ የሚያይ ወንድ ነው። ራሱ ላይ ቅጠል አለ ወይስ የለም? ባዶ ራስ ከሆነ ከ1852 እስከ 1857፣ የሎረል ቅጠል ከደፋ ከ1861 እስከ 1865 ነው። ቅጠሉ ቢላጥ እንኳ ከማጅራቱ በስተኋላ የሚወርደው የጥብጣቡ ጫፍ ዳር ላይ ስለሆነ ሊተርፍ ይችላል። በመጨረሻ ከንስሩ በታች የከተማዋን ፊደል ፈልጉ። ወንድ ሳይሆን ወደ ግራ የምታይ ሴት ብትሆን ደግሞ ከ1870 በኋላ ያለው የሪፐብሊኩ 10 ሳንቲም ነው፤ ወደ ቀኝ የምታይ ከሆነች ከ1898 እስከ 1921።

አንዲት የዓመት አኃዝ ሳይነበብ እዚህ ደረሳችሁ።

እኛ ቤት የሚገኘው፦ ማርትሬዛ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከአውሮፓ ሳንቲም ሁሉ በብዛት እጃችሁ የሚገባው ማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም። 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው። በውሃው ፈተና 10.2 አካባቢ ይሰጣል። ከ9 በታች የሚሰጥ ከሆነ ብር አይደለም፤ የፈለገውን ያህል ይብረቅረቅ።

ንግሥቲቱ ወደ ቀኝ ታያለች። ትከሻዋ ላይ በዕንቁ የተከበበ የመጎናጸፊያ ማያያዣ አለ። ከምስሏ በታች «ኤስ» እና «ኤፍ» ፊደሎች አሉ፤ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው ጉንትስቡርግ የነበረው የሳንቲም መምቻ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ጀርባው ባለሁለት ራስ ንስር ነው። ጠርዙ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ»፣ ፍትሕና ምሕረት፣ ይላል። ነጋዴዎቻችን ብሩን ሲቀበሉ የዘውዷንና የማያያዣዋን ዕንቁዎች አጥርተው ያዩ ነበር፤ ዕንቁው ያልታየውን አይቀበሉም ነበር። ዛሬም መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ እነዚያኑ ነው።

ዓመቱ ግን እንዳያታልላችሁ። ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 ይላል፤ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር መተውታል። በ1935 ሙሶሊኒ የሳንቲሙን መምቻ ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ያስመታው ለዚያው ለወረራው ነበር። ስለዚህ «የ1780 ነው፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሰው ቢገጥማችሁ ከረጋችሁ በኋላ ተነጋገሩ። የየከተማውን ምት የሚለዩት እንደ ዕንቁው ቁጥርና እንደ ንስሩ ላባ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በጣም በተላጠ ብር ላይ ይህን መለየት አይቻልም፤ «ማርትሬዛ፣ የምት ቦታው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ መልስ ነው።

ሦስት የሚያሳስቱ አሉ። ጣሊያን በ1918 ለኤርትራ ንግድ ያስመታችው ታለሮ ሆን ተብሎ ማርትሬዛን እንዲመስል ተደርጓል፤ ሴቲቱም አለች። ዓመቱ 1918 ነው፣ የንስሩም ራስ አንድ ነው። ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ፓሪስ ነው የተመታው፣ ክብደቱም ያው 28 ግራም ነው፤ አንበሳውና የግዕዝ ፊደሉ ግን ቢላጡም ጥላቸው ይቀራል። ሦስተኛው አንበሳ ያለበት፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ሽልንግ ነው። አንበሳ ስላለው የኛ ይመስላል። የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው፤ ከ1941 በኋላ የ1945ቱ አዲስ ገንዘባችን እስኪወጣ እዚህ አገር ይሠራበት ነበር።

6. አረጋግጡና መዝግቡ

ግምታችሁን ኑሚስታ የተባለው የኢንተርኔት የሳንቲም ማውጫ ላይ በስፋትና በክብደት ፈልጉት። እዚያ ያለው ፎቶ ያልተላጠ ሳንቲም ነው። ከእናንተው ጋር ጎን ለጎን አድርጉና አንድ የተረፈች ፊደል ትክክለኛ ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ። ቢያንስ ሦስት ነገር ሳይስማማ ስም አትስጡት፦ ልኬቱ፣ ብረቱ፣ እና ከፊቱ ወይም ከጠርዙ የተገኘ አንድ ምልክት። ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛው ከተቃወመ ሦስተኛውን አትናቁት። ምንም የማይገጥም ከሆነ ሳንቲም ላይሆን ይችላል፤ የመቁጠሪያ ጠፍጣፋ፣ ሜዳሊያና የልብስ ቁልፍም ክብ ናቸው።

ሳንቲሙን በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት፤ ለስላሳ፣ የሚሸት ፕላስቲክ መዳብን አረንጓዴ ያደርጋል። ፖስታው ላይ ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ የውሃ ፈተናውን ውጤት፣ የጠርዙን ዓይነት፣ የተነበቡትን ፊደሎችና ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉ። ባለሙያ ስትጠይቁም ይህንኑ ከጎን መብራት ከተነሡት የሁለቱ ፊቶችና የጠርዙ ፎቶዎች ጋር ላኩለት።